አልኮል፣ አዮዲን ወይስ ክሎርሄክሲዲን? ቆዳን አልፎ የሚገባውን አይቶ መምረጥ

የቁስል ማጽጃ ለመግዛት ፋርማሲ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ «ጠንከር ያለው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አይገርምም። ግን መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሁሉም በየፊናቸው ጀርም ይገድላሉ። ትልቁ ልዩነታቸው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። አንዱ ሥራውን ሠርቶ ይተናል። አንዱ ቆዳው ላይ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ ቆዳውን ያልፍና ደም ውስጥ ይገባል።

ጤነኛ አዋቂ ጣቱን ቢቆረጥ ይሄ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። የሚቀባው ጨቅላ ሕፃን ሲሆን፣ ቆዳው ሲላጥ ወይም ሲቃጠል፣ ቦታው ሲሰፋና ቀኑ ሲበዛ ግን ምርጫው ይከብዳል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ቆዳ ማንን ያሳልፋል?

ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው ከላይ ያለው የሞቱ ሴሎች ንብርብር ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። ከወረቀት ይቀጥናል። አሠራሩ የጡብ ግንብ ይመስላል፤ ሴሎቹ ጡቡ፣ በመሃላቸው ያለው ቅባት ደግሞ ሲሚንቶው ነው። ኬሚካል የሚገባው በአብዛኛው በዚያ ቅባት ውስጥ እየተጠማዘዘ ነው።

ስለዚህ የሞለኪውሉ መጠን ይወስናል። ክብደቱ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሆነ ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን ለማለፍ በጣም ይቸገራል። ከቅባት ጋር ያለው ስምምነትም ይወስናል። ቅባት የሚወድ ነገር በቀላሉ ይሰርጋል፤ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያለው ግን ከላይ ይቀራል። ይህችን ያዙልኝ፣ ክሎርሄክሲዲን ላይ ስንደርስ እንመለስባታለን።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሁለት ተመራማሪዎች አንድ መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲሶንን፣ በተለያየ የሰውነት ክፍል ላይ ቀብተው ምን ያህሉ እንደገባ ለኩ። ክንድ ላይ የገባውን 1 ብንለው ግንባር ላይ 6፣ መንጋጋ ላይ 13፣ የቆለጥ ከረጢት ላይ 42 ሆነ። ውስጥ እግር ላይ 0.14 ብቻ። ያው መድኃኒት፣ ያው ሰው! መዳፉ ላይ ምንም ያላደረገው ፈሳሽ ብልቱ አካባቢ ሲነካው የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ሽፋን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከተቀባ በኋላ ፕላስቲክ፣ ጥብቅ ፋሻ ወይም ዳይፐር ከተደረገበት ቆዳው ይረጥባል፣ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል። የሚገባው መጠንም በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ቆዳው ከተላጠ፣ ችፌ ካለበት ወይም ከተቃጠለ ደግሞ ከላይ ያወራነው የመጠንና የቅባት ሕግ አብዛኛው ይፈርሳል። ግንብ የለማ!

ሕፃናትን ለብቻ እንያቸው። በቀኑ የተወለደ ሕፃን ቆዳ ራሱን ይከላከላል። ነገር ግን የቆዳው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በአዋቂ ላይ ትንሽ የሆነው መጠን ለእሱ ብዙ ነው። ጉበቱና ኩላሊቱም የገባውን ለማስወጣት ገና ናቸው። ያለ ቀኑ የተወለደው ላይ ደግሞ የላይኛው ንብርብር ራሱ በደንብ አልተሠራም። ከተወለደ በኋላ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ሳምንት፣ በጣም ቀድሞ ከተወለደም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ይሄ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የሕፃን ፓውደር በስህተት 6.3 በመቶ ሄክሳክሎሮፊን ተቀላቅሎበት ተሸጠ። ሄክሳክሎሮፊን በዚያን ጊዜ በየሳሙናው ውስጥ የነበረ፣ የተከበረ ፀረ ጀርም ነው። ክብደቱ 407 ዳልተን፣ ቅባትም ይወዳል። ፓውደሩ የተነሰነሰው ዳይፐር ሥር፣ በተላጠ ቂጥ ላይ፣ በየቀኑ ነበር። ለመግባት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟላለት። ከ200 በላይ ሕፃናት ታመሙ፣ 36ቱ ሞቱ። መርዙ የጎዳው አንጎላቸውን ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሄክሳክሎሮፊንን ከሱቅ መደርደሪያ አስነስቶ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ እንዲሆን አደረገ።

አልኮል፦ ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ

ለማጽጃ ከሚውሉት አልኮሎች ኤታኖል 46 ዳልተን፣ አይሶፕሮፒል 60 ዳልተን ናቸው። በመጠናቸው ቢሆን እንደ ልባቸው በገቡ ነበር። የሚያድነን መትነናቸው ነው። ሳኒታይዘር እጅ ላይ ሲታሽ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው አብዛኛው አየር ላይ ነው። በጎ ፈቃደኞች እጃቸውን በላይ በላይ እንዲያሹ ተደርጎ ደማቸው ሲመረመር የተገኘው ኤታኖል በሊትር በአሥሮች ሚሊግራም ብቻ የሚቆጠር ነው። በብዙ አገር ሹፌር የሚቀጣበት ወሰን በሊትር 500 ሚሊግራም መሆኑን አስቡ። ከተገኘውም ከፊሉ የገባው በቆዳ ሳይሆን በትንፋሽ ነው። ስለዚህ «ሳኒታይዘር ያሰክራል ወይ?» ለሚለው መልሱ አያሰክርም ነው። መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይገድላል።

የአልኮል ጉልበት ከ60 እስከ 90 በመቶ ባለው ውስጥ ነው። 70ው ለብዙ ሥራ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ውሃ ሲኖርበት የጀርሙን ፕሮቲን በደንብ ያበላሻል፣ ቀስ ብሎም ይተናል። ለመርፌ ቦታና ለእጅ ከእሱ የተሻለ ርካሽ ነገር አላውቅም። ቁስል ላይ ግን አታፍስሱት። ማንገብገቡ ይቅርና አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይጎዳል።

ሁለት ቦታ ላይ አልኮል ፊቱን ያዞራል። አንደኛው መትነን ሲከለከል ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ለሕክምና ሲዘጋጅ እትብቱ አካባቢ በአልኮል ይጠረጋል እንበል። ጥጡ በደንብ ካልተጨመቀ ፈሳሹ በጎኑ ተንሸራቶ ጀርባው ሥር ይጠራቀማል። አንሶላው ይጠጣዋል፣ ሕፃኑም በላዩ ይተኛል። እዚያ አየር የለም፣ አይተንም። በኋላ ሲገለበጥ ጀርባው እሳት እንደነካው ቀልቶ፣ አንዳንዴም ተልጦ ይገኛል። እንዲህ ያለ ቃጠሎ፣ ከነአልኮሉ ደም ውስጥ መግባት፣ በሕክምና መጽሔቶች ተደጋግሞ ተዘግቧል። ሁለተኛው ትኩሳት ያለበትን ልጅ ገላውን በአልኮል ማሸት ነው። ብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው፤ ይቅር። ሰፊ ቆዳ፣ ትኩስ ገላ፣ የተዘጋ ክፍል፣ በዚያ ላይ ትነቱን የሚተነፍስ ትንሽ ልጅ። ራሳቸውን የሳቱ ልጆች አሉ።

ሌላው መርዙ ሜታኖል ነው። ለሳኒታይዘር የሚሆን አልኮል አይደለም፤ በቆዳም ይገባል፣ ዓይንም ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሳኒታይዘሮች ሜታኖል ተገኝቶባቸው ከገበያ ተሰብስበዋል። ምንጩ የማይታወቅ፣ ጠርሙሱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሳኒታይዘር አትግዙ።

አዮዲን ወይስ ክሎርሄክሲዲን?

ዋናው ክርክር እዚህ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የሚለያዩት በሚገባው መጠን፣ በሚቆዩበት ጊዜና በሚጎዱት አካል ነው።

ቡናማው ፖቪዶን አዮዲን፣ ብዙ ሰው ቤታዲን የሚለው፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው። ፖቪዶን ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ ቆዳ አያሳልፈውም። ሥራው አዮዲኑን ይዞ ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው። የሚለቀቀው አዮዲን ግን ትንሽ ነው፣ ይገባል።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። 10 በመቶ የሚለው ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ለሥራ ዝግጁ የሆነው አዮዲን 1 በመቶ ነው። ማለትም በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም፣ ወይም 10,000 ማይክሮግራም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንዲት ሚሊሊትር ብቻ ከሁለት ወር በላይ የሚበቃ አዮዲን ይዛለች። ከዚያ ውስጥ 1 በመቶው ቢገባ እንኳ 100 ማይክሮግራም ነው። በጤነኛ አዋቂ ትንሽ ቁስል ላይ ይሄ ምንም አይደለም። ኩላሊት የተረፈውን በሽንት ያስወጣዋል፣ የታይሮይድ ዕጢም ይቋቋመዋል።

የጨቅላ ሕፃን ታይሮይድ ግን ይህን አይችልም። አዮዲን በድንገት ሲበዛበት ዕጢው ሆርሞን መሥራቱን ያቆማል። የአዋቂ ዕጢ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱን አስተካክሎ ሥራ ይጀምራል። የጨቅላው፣ በተለይ ያለ ቀኑ የተወለደው፣ ይህን ማስተካከያ ገና አላዳበረም። ሆርሞኑ ደግሞ አንጎሉ የሚያድግበት ነው። ስለዚህ ለጨቅላ ሕፃን፣ ከሁሉ በላይ በሰፊ ቦታና በተደጋጋሚ፣ ፖቪዶን አዮዲን አልመክርም። ነፍሰ ጡር እናት ለረጅም ጊዜ ብትቀባው ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የምታጠባ እናትም በወተቷ ታስተላልፋለች፤ ጡት አዮዲንን ከደም እየሰበሰበ ወተት ውስጥ ያጠራቅማልና። አንዴ ለአንድ ትንሽ ቁስል መቀባት ግን አያስፈራም።

የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው እዚሁ ምድብ ውስጥ ይገባሉ። የታይሮይድ ምርመራ ወይም የጨረር አዮዲን ሕክምና ቀጠሮ ያለውም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። በነገራችን ላይ «የባሕር ምግብ አለርጂ ያለበት አዮዲን አይቀባ» የሚባለው መሠረት የለውም። የባሕር ምግብ አለርጂ የሚነሳው ከፕሮቲኑ ነው።

ወደ ክሎርሄክሲዲን እንምጣ። የመሠረቱ ሞለኪውል 505 ዳልተን ነው፣ ድንበሩ ላይ ማለት ነው። ዋናው ነገር ግን አዎንታዊ ሙሌቱ ነው። ቆዳ ላይ ያለው ፕሮቲን አሉታዊ ስለሆነ ሁለቱ ይጣበቃሉ። ስለዚህ አይገባም፣ አይሄድምም። ለሰዓታት እዚያው ሆኖ የሚመጣውን ጀርም ይጠብቃል። በጤነኛ አዋቂ ቆዳ ላይ ወደ ደም የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም። በጨቅላ ሕፃናት፣ በተለይም ያለ ቀናቸው በተወለዱት፣ ደም ውስጥ ግን ጥቂት ተገኝቷል። እስካሁን እንደ አዮዲን ያለ ግልጽ የውስጥ ጉዳት አልታየበትም። አልኮል ያለበት ክሎርሄክሲዲን ግን ከላይ ያነሳነውን ዓይነት ቃጠሎ እነዚህ ሕፃናት ላይ አድርሷል።

የክሎርሄክሲዲን ጣጣ ሌላ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይኑን መስታወት ያቃጥላል፣ እስከ መታወርም ያደርሳል። ለእትብት የሚሆነው 7.1 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዲግሉኮኔት የዓይን መድኃኒት ተመስሎ ሕፃናት ዓይን ላይ የተደረገባቸው አጋጣሚዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ላይ አስጠንቅቋል። ቤት ውስጥ ሁለቱ አንድ ቦታ አይቀመጡ። የተቀደደ ታምቡር ባለው ጆሮ ውስጥም አይጨመር፣ መስማትን ይጎዳል። አልፎ አልፎም፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም፣ ብርቱ አለርጂ ያስነሳል። ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ የደም ግፊት የሚጥል ዓይነት። ከዚህ በፊት ቀብቶት ሽፍታ የወጣበት ሰው ይህን ቀላል አያድርገው።

አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር ልጨምር። ሳሙና አሉታዊ ሙሌት አለው። ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ ሳታለቀልቁ ክሎርሄክሲዲን ብትቀቡ ሁለቱ ተያይዘው ይከሽፋሉ። በውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ቀቡ። አዮዲን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ትርጉም የለውም። እስኪደርቅ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ፣ ጠብቁት። ደምና መግል ሲበዛበትም አዮዲኑ ያልቃል። ቡናማው ቀለም ሲገረጣ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

«በጥናት ያሸነፈው ማነው?» ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ታዋቂ ጥናት ከቀዶ ጥገና በፊት ቆዳን ለማጽዳት ክሎርሄክሲዲን በአልኮል ከፖቪዶን አዮዲን ይሻላል አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ያመረቀዙት 9.5 በመቶና 16.1 በመቶ ነበሩ። ግን ልብ በሉ፤ አንደኛው አልኮል ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሁለቱም አልኮል ተጨምሮባቸው ሲወዳደሩ አዮዲኑ አላነሰም። እንደኔ ከሆነ የድሉ ትልቅ ድርሻ የአልኮሉ ነው።

የድሮዎቹስ?

ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲቀባ የሚፈላው አረፋ ደስ ይላል። 34 ዳልተን ብቻ ነው፣ ሥጋ ውስጥም ይገባል። ነገር ግን ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ወዲያው ወደ ውሃና ኦክስጅን ይቀይረዋል። አረፋው እሱ ነው። ስለዚህ የሰውነት መመረዝ አያሰጋም። ችግሩ አዲስ ሥጋ የሚሠሩትን ሴሎችም አብሮ መጉዳቱ ነው። ጥልቅና አፉ ጠባብ ቁስል ውስጥ ከተጨመረ ደግሞ ጋዙ መውጫ አጥቶ ደም ሥር ሊገባ ይችላል። አንዴ ለቆሸሸ የላይ ቁስል ይሁን፣ በየቀኑ ግን አይሁን።

ሜርኩሮክሮም፣ ያ ቀይ መድኃኒት፣ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ በተላጠ ቆዳ ይገባል፣ ሰውነት ውስጥም ይከማቻል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ደኅንነቱ ከተረጋገጠላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አውጥታዋለች። ቤት ካለ ጣሉት። ቦሪክ አሲድም በጤነኛ ቆዳ እምብዛም አያልፍም፣ በተላጠ ቆዳ ግን ያልፋል። ድሮ በዳይፐር ሽፍታ ላይ ተነስንሶ ሕፃናት ሞተውበታል። ጂቪ፣ ማለትም ጄንሻን ቫዮሌት፣ በእንስሳት ጥናት ካንሰር አስነስቷል፤ የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ምክንያት አስጠንቅቋል። ክፍት ቁስል ላይ ከተቀባም ቀለሙ እንደ ንቅሳት ሊቀር ይችላል።

ለቃጠሎ የሚታዘዘው ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ክሬም ሁለት ነገር ያስገባል፤ ሲልቨሩንም (የብር ማዕድኑን) ሰልፋ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን፣ ለመውለድ ለተቃረበች እናትና ሰልፋ ለማይስማማው ሰው አይሆንም።

«ፀረ ባክቴሪያ» የሚለው ሳሙናስ? ትሪክሎሳን 290 ዳልተን ገደማ ነው፣ ቅባትም ይወዳል። አሜሪካ ውስጥ ከሕዝቡ የተወሰደ የሽንት ናሙና ሲመረመር ከአራቱ በሦስቱ ተገኝቷል። በእርግጥ በጥርስ ሳሙናም ውስጥ ነበር፤ ሁሉም በቆዳ የገባ አይደለም። ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚሻል ማስረጃ ስላልቀረበ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው አሜሪካ ትሪክሎሳንና ሌሎች 18 ንጥረ ነገሮች ከእጅና ገላ መታጠቢያ ሳሙናዎች እንዲወጡ ተወሰነ። ምንም ሳይጠቅም የሚገባ ነገር ለምን ይገባል? ተራ ሳሙና ግዙ።

ዴቶልን የመሰሉ በክሎሮክሲሌኖል የተሠሩት ደግሞ ሳይበረዙ ለቆዳ አይሆኑም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን የብረዛ መጠን አንብቡ። ሳይበረዝ ፈሶበት ፋሻ የታሰረበት ቆዳ ይቃጠላል።

ታዲያ የቱን ልግዛ?

ለትንሽ ቁስልና ጭረት መጀመሪያ የሚፈስ ንጹህ ውሃ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ሳሙና። ብዙ ጊዜ ሌላ አያስፈልግም። መቀባት ከፈለጋችሁ ፖቪዶን አዮዲን ወይም አልኮል የሌለበት ክሎርሄክሲዲን ለአንድ ሁለት ቀን በቂ ነው። እጅ ለማጽዳትና መርፌ ለሚወጋ ቦታ አልኮል። ፊት፣ ዓይንና ጆሮ አካባቢ ከሆነ ክሎርሄክሲዲንን እርሱት፤ ዓይን አካባቢ ሐኪሞችም የሚጠቀሙት ወደ 5 በመቶ የተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን ነው፣ እሱንም ለእነሱ ተዉት። ብልት አካባቢ ከሆነ አልኮል ያለበት ነገር በጭራሽ።

በቀኑ ለተወለደ ሕፃን እትብት፣ ወሊዱ ንጹህ ቦታ ከሆነ፣ ንጽህናና ማድረቅ ይበቃል። የጤና ባለሙያ ካዘዘ ክሎርሄክሲዲን። ያለ ቀኑ ለተወለደ ሕፃን ግን ራሳችሁ ምንም አትቀቡ። የዳይፐር ሽፍታ ፀረ ጀርም አይፈልግም፣ አየርና መከላከያ ቅባት ነው የሚፈልገው። ሰፊ ቃጠሎም፣ ከእጅ መዳፋችሁ የሚበልጥ ከሆነ፣ በቤት የሚቀባ ሳይሆን ወደ ሕክምና የሚወሰድ ነው። እስከዚያው ድረስ ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አፍስሱበት።

የቱንም ብትመርጡ በስሱ ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ፋሻ አድርጉ። ወደ እጥፋት፣ ብብትና ጀርባ የወረደውን ጥረጉ። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለው ወይም ቅላቱ እየሰፋ፣ መግል እየያዘ ከሄደ ሌላ ጠርሙስ አትክፈቱ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱ የቀባችሁትን ጠርሙስ ያዙት። ምን ያህል፣ የት፣ ለስንት ቀን እንደቀባችሁም ንገሩ። ለሁለት ሳምንት አዮዲን ሲቀባ የከረመ ሕፃን ሲተኛ ቢውል፣ መጥባት ቢያቅተው፣ ሆዱ ቢደርቅ፣ ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ ለማዘዝ የሚያስብበት ዋናው ፍንጭ ከእናንተ የሚሰማው ነው።